ኪቶን ለማየት ለሚነሱ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻችን

ሰሞኑን ወደ ዓምዳችን ከደረሱት ደብዳቤዎች መካከል አራቱ ስለ አንዲት ከተማ፣ ስለ ኢኳዶር ዋና ከተማ ስለ ኪቶ የሚጠይቁ ናቸው። ስለዚህ በዚህ እትም ጥያቄዎቹን አሳጥረን ከነመልሶቻቸው በአንድነት አቅርበናል።

ጥያቄ፦ በሜሪላንድ ግዛት በነርስነት የምሠራ፣ የአሜሪካ ዜግነት ያለኝ ኢትዮጵያዊት ነኝ። አባቴ የ68 ዓመት ሰውና ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ሲሆኑ፣ በኢትዮጵያ ፓስፖርት መጥተው ሁለት ወር ያህል አብረውኝ ይቆያሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩትን የምድር ወገብ በእግራቸው ቆመው ማየት ይመኛሉና በሐምሌ ወር ለዐሥር ቀናት ወደ ኪቶ ልወስዳቸው አስቤአለሁ። ከዐሥሩ ስንቱን ቀን በከተማዋ እናሳልፍ? የጋላፓጎስ ደሴቶችንስ ለመጨመር ጊዜው ይበቃል? የከተማዋ ከፍታ አባቴን ይጎዳቸው ይሆን?
ት. ወ.፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ሐሳብዎ መልካም ነው፤ ነገር ግን ስለ ሆቴልና ስለ ጉብኝት ከማሰብዎ በፊት የአባትዎን የቪዛ ጉዳይ ይጨርሱ። እርስዎ በአሜሪካ ፓስፖርት ያለ ቪዛ ገብተው እስከ 90 ቀን መቆየት ይችላሉ። ኢኳዶር ግን እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዙ ሰዎች አስቀድመው ቪዛ እንዲያወጡ ትጠይቃለች። አባትዎ የአሜሪካ ቪዛ ስላላቸው ብቻ ያልፋሉ ብለው አይተማመኑ፤ ቲኬት ከመቁረጥዎ በፊት በዋሽንግተን ካለው የኢኳዶር ኤምባሲ ቁርጥ ያለ መልስ ያግኙ። የአሜሪካ ቪዛቸውም ለተደጋጋሚ መግቢያ የተሰጠ መሆኑን ይመልከቱ፤ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ከሆነ ከኪቶ ወደ ሜሪላንድ ሊመለሱበት አይችሉም።

ኪቶ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ላይ ትገኛለች፤ ከአዲስ አበባ 500 ሜትር ያህል ትበልጣለች፣ ከደብረ ብርሃን ጋር ደግሞ ትስተካከላለች። አባትዎ የደጋ ሰው ስለሆኑ አይከብዳቸውም ብለው አስበው ይሆናል፤ ይሁን እንጂ ሰውነት ከፍታን የለመደው በዝቅተኛ ቦታ በቆየባቸው ሳምንታት ውስጥ ልማዱን እየተወ ይሄዳል። በሜሪላንድ ከአንድ ወር በላይ ከቆዩ እርስዎም እርሳቸውም እንደ አዲስ መልመድ ይኖርባችኋል። እርስዎ የሙያው ባለቤት ነዎትና የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ካለባቸው ሐኪማቸውን ማማከር እንደሚገባ አላስተምርዎትም። ከእኔ በኩል የምጨምረው የማረፊያ ምክር ነው። የኪቶ አውሮፕላን ማረፊያ እ.ኤ.አ. በ2013 ከከተማዋ በስተምሥራቅ ወደሚገኘው ወደ ታባቤላ ተዛውሯል፤ እርሱም ሆነ በመንገዱ ላይ ያሉት ቱምባኮና ኩምባያ የተባሉት ሸለቆዎች ከመሀል ከተማው ከ400 ሜትር በላይ ዝቅ ይላሉ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች በአንዱ ሸለቆ አድራችሁ በሦስተኛው ቀን ወደ ከተማው ብትወጡ ለአባትዎ ጭንቅላትና ትንፋሽ ይቀላል። በእነዚያ ቀናት ውኃ በብዛት መጠጣት፣ እራት ማቅለል፣ ከአልኮል መራቅና በዝግታ መራመድ ይበቃል።

ስለ ቀናቱ፣ አራት ሙሉ ቀን ለኪቶ እንድትሰጡ እመክራለሁ። ጋላፓጎስን ግን በዚህ ጉዞ ተዉት። ደሴቶቹ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል በባሕር ላይ የራቁ፣ ተጨማሪ በረራና ከባድ ወጪ የሚጠይቁ ናቸው፤ በዐሥር ቀን ውስጥ ሁለቱን ለማካተት ከሞከራችሁ ኪቶ ሻንጣ የሚቀመጥባት የአንድ ሌሊት ማደሪያ ሆና ትቀራለች። ብዙ ጎብኚዎች በዚህ መንገድ ያልፏታል፤ ይህም እጅግ ያሳዝነኛል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ከእኛ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጎን ለጎን የኪቶ አሮጌ ከተማ ነበረች። ላሊበላን በግማሽ ቀን አይቶ የሚሄድን እንግዳ እንደምንታዘበው ሁሉ ኪቶንም በችኮላ ማየት አይገባም።

አራቱን ቀናት ስትደለድሉ ደግሞ አንድ ነገር አጥብቃችሁ ያዙ፤ ኪቶ የጠዋት ከተማ ናት። በምድር ወገብ አጠገብ ስለሆነች ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የምትወጣውም የምትጠልቀውም በእኛ አቆጣጠር 12 ሰዓት ገደማ ነው፤ የሐምሌ ረጅም ምሽት የለመደ የሜሪላንድ ሰው ይህን ካላሰበበት ጨለማ ድንገት ይደርስበታል። ተራሮቹ በብዛት የሚገለጡት ማለዳ ሲሆን ከሰዓት በኋላ ደመና ይጎትታሉ። የአሮጌው ከተማ ጎዳናዎችም ሱቆች ሲዘጉ ጭር ይላሉ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ወጥቶ እስከ ቀኑ 8 ሰዓት መጎብኘት፣ ከዚያም ማረፍ ለአባትዎ ዕድሜም ለከተማዋ ጠባይም የሚስማማ ሥርዓት ነው።

አንዱን ጠዋት ሙሉ ለሁለት ቦታዎች ብቻ ስጡ፤ ለሳን ፍራንሲስኮ ገዳምና ለላ ኮምፓኒያ ቤተ ክርስቲያን። ስፔናውያን ከተማዋን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1534 ከቆረቆሩ ብዙም ሳይቆይ የሳን ፍራንሲስኮ ግንባታ ተጀመረ፤ ሥራው ከ100 ዓመት በላይ ፈጅቷል። ሰፊው የድንጋይ አደባባይ ተዳፋት ሲሆን ቤተ ክርስቲያኑ ከላይ ሆኖ ይመለከተዋል። ውስጥ ገብታችሁ በዋናው መንበር ላይ በርናርዶ ዴ ሌጋርዳ የተባለው የኪቶ ቀራጺ እ.ኤ.አ. በ1734 የሠራትን ባለ ክንፍ እመቤት ፈልጉ፤ እንደ ሌሎች የማርያም ምስሎች ጸጥ ብላ አልቆመችም፣ እባቡን ረግጣ ልትበር የተነሣች ትመስላለች። ትንሿ ሐውልት በዚህ ከታየች በኋላ፣ ፓኔሲዮ በተባለው ኮረብታ አናት ላይ ከአሮጌው ከተማ ሁሉ የምትታየውና ከ7,000 ያህል የአሉሚኒየም ቁራጮች የተገጣጠመችው ግዙፍ ሐውልት የእርስዋ ቅጂ መሆኗን ትረዳላችሁ። የአደባባዩን ደረጃ በሚመለከት የከተማው ሰው የሚያወራው ጥንታዊ ተረትም አለ። ካንቱኛ የተባለ የአገሬው ተወላጅ ግንበኛ ሥራው በቀነ ገደቡ አልደርስ ሲለው ነፍሱን ለሰይጣን ሊሰጥ ተዋዋለ፤ ሲነጋ ግን አንዲት ድንጋይ ጎድላ በመገኘቷ ውሉ ፈረሰና ነፍሱ ዳነች ይባላል። ላሊበላን መላእክት ሌሊት ሌሊት ያንጹ ነበር እየተባለ ለአደገ ኢትዮጵያዊ ይህ ተረት የሚገርም ጎረቤት ነው።

ላ ኮምፓኒያ ከዚያ የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። ኢየሱሳውያን እ.ኤ.አ. በ1605 ጀምረው በ1765 የጨረሱት ይህ ቤተ ክርስቲያን የፊት ገጽታው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈለፈለ፣ ውስጡ ከጣሪያ እስከ ግድግዳ በወርቅ ቅብ የተሸፈነ ነው። የጠዋት ብርሃን በመስኮቶቹ ሲገባ ወርቁ ይሞቃል፤ ደመና ሲሆን ግን ይደበዝዛል። የመግቢያ ክፍያ አለው፤ የጸሎት ሰዓት እንዳይሆንባችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከዚያ በፕላዛ ግራንዴ አግዳሚ ወንበር ላይ ማረፍ ይቻላል። የፕሬዚዳንቱ ቤተ መንግሥት ካሮንደሌት በዚሁ አደባባይ ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1875 ፕሬዚዳንት ጋብሪኤል ጋርሲያ ሞሬኖ የተገደሉት በዚሁ ቤተ መንግሥት ደጃፍ ነበር። በካቴድራሉ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1822 በከተማዋ ራስጌ በፒቺንቻ ተራራ ወገብ ላይ ስፔንን ድል ያደረገው የአንቶኒዮ ሆሴ ዴ ሱክሬ መቃብር ይገኛል። በጣሪያው የዝናብ ውኃ ማፍሰሻዎች ላይ እንደ አውሮፓ ካቴድራሎች አስፈሪ አውሬዎች ሳይሆኑ ኢጓናና ዔሊ የተቀረጹበትን ባሲሊካ ከውጭ ማየት ለአባትዎ ይበቃል፤ ወደ ማማው የሚያወጡት ቀጫጭን መሰላሎች ጉልበት የሚፈትኑ ናቸው።

አሁን ወደ አባትዎ ምኞት ልምጣ። ሚታድ ዴል ሙንዶ የተባለው የምድር ወገብ መታሰቢያ ከኪቶ በስተሰሜን ወደ 26 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ 30 ሜትር የሚረዝም የድንጋይ ሐውልትም አለው። መስመሩ ራሱ በኬንያም በኡጋንዳም ያልፋል፤ ነገር ግን ጂኦግራፊን ላስተማረ ሰው ይህን ቦታ ልዩ የሚያደርገው የሳይንስ ታሪኩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1736 ላ ኮንዳሚን፣ ቡጌርና ጎዲን የተባሉ የፈረንሳይ ሳይንቲስቶች ሆርሄ ሁዋንና አንቶኒዮ ዴ ኡሎዋ ከተባሉ ሁለት የስፔን መኮንኖች ጋር ወደዚህ አገር መጥተው ለዓመታት በተራራ ላይ በድንኳን እየኖሩ የአንድ ዲግሪን ርዝመት ለኩ። ሌላ ቡድን በሰሜን ዋልታ አካባቢ በላፕላንድ የለካው ከዚህኛው ጋር ሲነጻጸር ምድር በወገቧ የተነፋች፣ በዋልታዎቿ የተጠፈጠፈች መሆኗ ታወቀ፤ የኒውተን አባባልም ጸና። አባትዎ በክፍል ውስጥ "ምድር ፍጹም ክብ አይደለችም" ብለው ያስተማሩት በዚህ አፈር ላይ የተለካ ነው።

ሐውልቱ ያረፈው ከሳተላይት ዘመን በፊት በተደረገ ልኬት ላይ በመሆኑ፣ ዛሬ ስልክዎን ቢያወጡ ዜሮ ዲግሪን የሚያገኙት ከሐውልቱ ወደ ሰሜን 240 ሜትር ያህል ርቀው ነው። ይህ አባትዎን እንዳያሳዝናቸው አስቀድመው ይንገሯቸው፤ በሁለቱም ቦታ ይቁሙ። በአካባቢው ባለው በኢንቲኛን ሙዚየም አስጎብኚዎች ውኃ ከመስመሩ ወዲህ በአንድ በኩል፣ ወዲያ ደግሞ በሌላው በኩል ሲሽከረከር፣ እንቁላልም በምስማር ራስ ላይ ሲቆም ያሳያሉ። የምድር ሽክርክሪት በመታጠቢያ ሳህን ውኃ ላይ የሚታይ ኃይል የለውም፣ እንቁላልም በትዕግሥት የትም ይቆማል፤ ሙዚየሙ የአገሬውን ሕዝቦች አኗኗር የሚያሳይበት ክፍል ግን መታየት የሚገባው ነው። ከዚያ በመኪና ጥቂት ተጉዛችሁ የፑሉላዋ እሳተ ገሞራ አፍ ላይ ቁሙ። እንደ ወንጪያችን ሰዎች በውስጡ ይኖሩበታል፣ ያርሱበታልም። እዚህም ቢሆን ማልዳችሁ ድረሱ፤ ከሰዓት በኋላ ጉም ከሥር ተነሥቶ ጉድጓዱን ይሞላዋል።

በፒቺንቻ ተራራ ላይ ወደ 3,945 ሜትር የሚያወጣውን ቴሌፌሪኮ የተባለውን የገመድ መኪና ለመጨረሻው ቀን አቆዩት፤ ይህ ከእንጦጦ አናት ከ700 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ቦታ ነው። አባትዎ ራስ ምታት ካላቸው ይቅር። በምትኩ ሠዓሊው ኦስዋልዶ ጓያሳሚን ያቀደውና እርሱ ካረፈ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2002 የተከፈተውን "የሰው ልጅ ጸሎት ቤት" ተመልከቱ፤ የጭቁኖችን ሥቃይ በእጆችና በፊቶች የገለጠበት ሥራው ከልብ የማይወጣ ነው። ሙዚየሞች በብዛት ሰኞ ስለሚዘጉ ዕቅዳችሁን በዚያ መሠረት አውጡ። የቀሩትን ቀናት ከኪቶ ሁለት ሰዓት ያህል በሚርቁት በኦታቫሎ የቅዳሜ ገበያና በሚንዶ ደን ብታሳልፉ በቂ ነው፤ ሚንዶ በጣም ዝቅ ያለ ቦታ ስለሆነ ለአባትዎ ትንፋሽ እረፍት ይሆናል።

ጥያቄ፦ ስለ ኢኳዶር በዜና የምንሰማው የወሮበሎች ግጭትና የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ነው። ኪቶ ለጎብኚ ሰላም ናት ወይ? ገንዘብስ እንዴት ልያዝ?
ዮ. መ.፣ ከዱባይ

መልስ፦ ስጋትዎ ከመሬት የተነሣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ፕሬዚዳንት ዳንኤል ኖቦዋ በአገሪቱ ውስጣዊ የትጥቅ ግጭት መኖሩን ዐውጀዋል፤ ከዚያ ወዲህም የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጆች በተለያዩ ክፍላተ ሀገር ተደጋግመዋል። ጥቃቱ የከበደው ዕፅ አዘዋዋሪዎች ወደቦችን ለመቆጣጠር በሚፋለሙባቸው በባሕር ዳርቻዎቹ ክፍላተ ሀገር፣ በተለይም በጉዋያኪል ነው። ኪቶ ከእነርሱ የተሻለች ናት፤ ቢሆንም የሰዓት እላፊ መኖር አለመኖሩን ከመነሣትዎ በፊት ባለው ሳምንት ያረጋግጡ፤ ጉዋያኪልንም ለጉብኝት አይምረጡ።

በከተማዋ ውስጥ የሚያጋጥመው ይበልጡን የስልክና የቦርሳ ነጠቃ ነው። ወደ ፓኔሲዮ ኮረብታ በእግር አይውጡ፤ በታክሲ ሄደው ያው ታክሲ እንዲጠብቅዎ ያድርጉ። ከቴሌፌሪኮው ማቆሚያ ወደ ሩኩ ፒቺንቻ ጫፍ ብቻዎን አይራመዱ። ከጨለማ በኋላ መንገድ ላይ ያገኙትን መኪና ከማስቆም ይልቅ ሆቴልዎ ታክሲ ይጥራልዎ። ላ ሮንዳ የተባለው የእጅ ባለሙያዎች ጠባብ ጎዳና ምሽት ላይ የሚደምቅ ቢሆንም በታክሲ ደርሶ በታክሲ መመለስ ይገባል። ቀን ቀን ደግሞ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 የተከፈተው፣ 22 ኪሎ ሜትርና 15 ጣቢያዎች ያሉት የምድር ውስጥ ባቡር አለ። አንዱ ጣቢያ በሳን ፍራንሲስኮ አደባባይ ሥር ስለሆነ ወደ አሮጌው ከተማ ለመግባት ከእርሱ የተሻለ መንገድ የለም።

ገንዘቡ የአሜሪካ ዶላር ነው፤ ኢኳዶር እ.ኤ.አ. በ2000 የራሷን ሱክሬ ትታ ዶላርን መገበያያዋ አድርጋለች። ባለ 50 እና ባለ 100 ኖቶችን ትንንሽ ሱቆችና ታክሲዎች ስለማይቀበሉ ዝርዝር ይያዙ።

ጥያቄ፦ የምነሣው ከአዲስ አበባ ነው። በየት በኩል ብሄድ ይሻላል? ወቅቱስ መቼ ነው?
ብ. ኃ.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ወደ ኪቶ የሚወስድ ቀጥታ የመንገደኛ በረራ ስለሌለ ያለዎት ምርጫ በአውሮፓ ወይም በሳኦ ፓውሎ መዞር ነው። በአውሮፓ በኩል ማድሪድ ምቹ ናት፤ ከዚያ ወደ ኪቶ ቀጥታ በረራ አለ። ይሁን እንጂ የሸንገን አገሮች በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለሚጓዝ ሰው ከአውሮፕላን ማረፊያው ሳይወጣም የመሸጋገሪያ ቪዛ ይጠይቁታል። ብዙ ሰው ይህን የሚሰማው ቦሌ ላይ ከሰልፍ ሲመለስ ነው። የሚሠራ የሸንገን ወይም የአሜሪካ ቪዛ ካለዎት ነፃ ይሆናሉ። በአሜሪካ በኩል ለመሸጋገር ግን ያለ አሜሪካ ቪዛ አይቻልም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሳኦ ፓውሎ ስለሚበር ከዚያ በቦጎታ፣ በሊማ ወይም በፓናማ ሲቲ አድርጎ ኪቶ መድረስ ይቻላል። በዚህ መንገድ ከሄዱ ቲኬቱን በአንድ ላይ ይግዙ፤ ሻንጣዎም እስከ ኪቶ መመዝገቡን ቦሌ ላይ ያረጋግጡ። በሁለት ቲኬት ተጉዘው ሻንጣዎን ሳኦ ፓውሎ መቀበል ካለብዎት የብራዚል ቪዛ ያስፈልግዎታል። የቢጫ ወባ ክትባት ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብለው ይከተቡ፤ ቢጫ ካርዱንም ከፓስፖርትዎ ጋር ይያዙ፤ ከኢትዮጵያ ወይም በብራዚል በኩል ለሚመጣ መንገደኛ ይህ የግድ ነው።

ወቅቱን በሚመለከት፣ የእኛ ክረምት የኪቶ በጋ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም አዲስ አበባ በዝናብ ስትመታ ኪቶ ደረቅ፣ ነፋሻና ፀሐያማ ናት፤ ዝናቡ የሚበረታው በሚያዝያ አካባቢ ነው። ሌሊቱ ስለሚበርድ ጋቢም ሆነ ወፍራም ሹራብ አይርሱ። ፀሐዩ በከፍታና በምድር ወገብ ምክንያት ቆዳን ያቃጥላልና ደመና ቢሆንም ባርኔጣ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ የኪቶን ሰሙነ ሕማማት ማየት እሻለሁ፤ ነገር ግን ጾሜን ማፍረስ አልፈልግም። የጾም ምግብ አገኛለሁ?
ወ. ገ.፣ ከአትላንታ

መልስ፦ ይገኛል፤ ያውም ለአበሻ አፍ የማይርቅ። በየመንገዱ "ቾቾስ" በሚል የሚሸጠው በጎጃም የምናውቀው የግብጦ ዘመድ ነው፤ እንደ ግብጦም መራራነቱ እንዲወጣለት ለቀናት በውኃ ይዘፈዘፋል። ከበቆሎ ቆሎ፣ ከሽንኩርትና ከቲማቲም ጋር በሎሚ ተለውሶ ይቀርባል። የምስር ወይም የባቄላ ወጥ በሩዝና በተጠበሰ ሙዝ፣ የተቀቀለ በቆሎ፣ አቮካዶ፣ የዛፍ ቲማቲምና ናራንሂያ የተባለው ፍሬ ጭማቂ ሁሉ አለ። ጥንቃቄው እዚህ ላይ ነው፤ ቆሎውና በቆሎው አንዳንዴ በአሳማ ስብ ይቆላል፣ ጭማቂውም በወተት ሊመታ ይችላል። "ሲን ማንቴካ"፣ ማለትም ያለ ስብ፣ "ኮን አጉዋ"፣ ማለትም በውኃ ብለው ይዘዙ። ያለ ሥጋ ብቻ ብለው ካዘዙ ዶሮ ሊመጣልዎ ይችላልና እንቁላልና አይብንም ይጥቀሱ። ሎክሮ የተባለው የድንች ሾርባ አይብና ወተት አለበት። የሕማማት ሰሞን ዋናው ምግብ ፋኔስካም ከዐሥራ ሁለት ዓይነት እህልና ጥራጥሬ ቢሠራም ወተትና የደረቀ ዓሣ ስላለው ለእርስዎ አይሆንም።

የስቅለት ዕለት ከሳን ፍራንሲስኮ የሚነሣው ታላቅ ዑደት ሐምራዊ ልብስና ፊት የሚሸፍን ሾጣጣ ቆብ ያደረጉ ንስሐ ገቢዎች መስቀል ተሸክመው፣ አንዳንዶቹም በባዶ እግራቸው የሚሄዱበት ነው። ሕዝቡ እጅግ ስለሚበዛ በጠዋት ቦታ ይያዙ፤ ማደሪያዎንም ከወራት በፊት ያስይዙ። የሁለቱ አቆጣጠሮች ልዩነት ግን ይጠቅምዎታል። በ2019 ዓ.ም. የእነርሱ ትንሣኤ መጋቢት 19፣ የእኛ ደግሞ ሚያዝያ 24 ቀን ይውላል። ስለዚህ የኪቶን ሰሙነ ሕማማት በዐቢይ ጾም መካከል አይተው፣ የእኛን ሕማማትና ትንሣኤ በአትላንታ በቤተ ክርስቲያንዎ ለማክበር ከአንድ ወር በላይ ጊዜ ይኖርዎታል።